በወይራዋ ላይ ያረፈው ግንደ ቆርቁር

ጥቅምት 2011፣ ዕለቱ ዓርብ፣ ደርቤ ገብሱን ከዝንጀሮ ሲጠብቅ አረፈደ። ክረምቱ ከወጣ ሰንብቷል። ሰብሉ ለአጨዳ ስለተቃረበ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ አፋፍ ላይ ድግስ እንደተጠራ ሰው ተደርድረው ይጠብቃሉ። ደርቤ ወንጭፉን ከትከሻው አንጠልጥሎ ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ፣ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚያልፈው አስፋልት ላይ አንድ ነጭ ሚኒባስ ቀስ ብሎ ቆመ።

መኪና መቆሙ አዲስ ነገር አልነበረም። ወደ ስሜን ተራራ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ እዚያች መታጠፊያ ላይ ይወርዳል፤ ፎቶ ያነሣል፤ እግሩን ያፍታታል፤ ይሄዳል። እነዚህ ግን አልሄዱም። ወርደው ወደ ማሳው የምታደርሰውን ቀጭን መንገድ ተያያዙት። ከመካከላቸው አንድ ፂማም ሽማግሌ ፈረንጅ የተሸከመውን ነገር ከትከሻው አወረደና እግሮቹን ዘርግቶ መሬት ላይ ተከለው። ሦስት እግር አለው። በላዩ ላይ ጥቁር ቧንቧ የመሰለ ነገር ተጋድሟል። ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ በቧንቧው አየ። ያየው ደግሞ ተራራውን አልነበረም፤ የደርቤን መሬት ነው።

ደርቤ እንዲህ ያለውን ባለሦስት እግር ነገር ያውቀዋል። ካቻምና ከላይኛው ሰፈር መንገድ ሊያወጡ የመጡ ቀያሾች ይዘውት ነበር። በዚያ ቧንቧ የታየ መሬት ሁሉ ሳይውል ሳያድር ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨት ይተከልበታል፤ እንጨት የተተከለበት መሬት ደግሞ ባለቤቱ ቢለምንም ቢቆጣም መንገድ ይሆናል። ደርቤ ብድግ ብሎ ወደ ሰዎቹ ገሠገሠ።

"ምንድን ነው የምትለኩት?" አለ ገና ሳይደርስ።

አብሯቸው የመጣው አስጎብኚ፣ ቴዎፍሎስ የሚባል ቀጠን ያለ የደባርቅ ሰው፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ለመነው። "ጋሼ፣ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልን እባክዎ። ወፍ ነው የምናየው።"

"የምን ወፍ?"

"ግንደ ቆርቁር። እዚያች የደረቀች ወይራ ላይ ትመጣለች ተብለን ነው።"

ደርቤ ዞሮ ወይራዋን አየ። ከማሳው ጫፍ ላይ፣ የእሱና የጎረቤቱ የየሺዋስ መሬት በሚገናኝበት አካባቢ የቆመች፣ ከደረቀች ዘመን ያስቆጠረች ግንድ ናት። ወፉንም ያውቀዋል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እንደ አናጢ ሲያንኳኳ ይሰማዋል። ይህን ለማየት ግን ሰው ባሕር አቋርጦ፣ በመኪና ተንገጫግጮ ይመጣል ቢሉት ደርቤ የሚያምን ሞኝ አልነበረም። ሥራውን ሊደብቅ የሚፈልግ ሰው ብዙ ሰበብ ይፈጥራል፤ እንዲህ ያለ የሰነፈ ሰበብ ግን ሰምቶ አያውቅም።

"በአገራቸው ወፍ የለም?" ሲል ጠየቀ።

"ሌላ ወፍ ሞልቷል። ይቺኛዋ ግን ከእኛ አካባቢ ውጭ የለችም" አለ ቴዎፍሎስ።

በዚህ መሀል ባርኔጣ ያደረገች፣ ሱሪ የለበሰች፣ ከአንገቷ ትልቅ መነጽር የተንጠለጠለ ሴት ዞር አለች። መልኳ የአገር ሰው መልክ ነው።

"እንደምን አረፈዱ?" አለች። "ሰብሉስ ዘንድሮ እንዴት ይዟል? ውርጭ አልጎዳባችሁም?"

አማርኛዋ የከተማ አልነበረም። የደርቤ እናት ትናገረው የነበረው፣ የማይቸኩለው፣ የድሮው የአገር ቤት አማርኛ ነው። እንዲህ ያለ አማርኛ ከሱሪ ውስጥ ሲወጣ ደርቤ ሰምቶ ስለማያውቅ ግራ ገባው።

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነው" አለ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጠይቅዎ። ይህ ቦታ ድሮ የአቶ ብርሃን አልነበረም? የብረት ቀጥቃጩ የአቶ ብርሃን?"

ቀያሾቹ ከደርቤ ራስ ውስጥ ብን ብለው ጠፉ። መንገድ ቢሆን ይሻለው ነበር።

አቶ ብርሃን ቤተ እስራኤል ነበር። እሱ ለአካባቢው ሁሉ ማረሻና ማጭድ ይሠራል፤ ሚስቱ ሸክላ ትሠራለች። በ1976 ዓ.ም. ለማንም ሳይናገሩ ቤታቸውን ዘግተው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሱዳን አቀኑ። በማግሥቱ ማረሻ ሊያሾል የሄደው የደርቤ አባት ነው ምድጃውን ቀዝቅዞ ያገኘው። ኋላ የገበሬ ማኅበሩ መሬቱን ለደርቤ አባት ሰጠ፤ አባቱ ሲሞት ለደርቤ ተላለፈ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጠያቂ አልመጣበትም። ዳባት ገበያ ላይ ግን በየጊዜው ወሬ ይነሣል። "ባለመሬቶቹ ከእስራኤል ሊመለሱ ነው አሉ።" "ጠበቃ ይዘው ነው የሚመጡት።" "አንዱን አስለቅቀውታል፤ የት እንደሆነ ግን እንጃ።" ደርቤ ሰው ፊት በዚህ ወሬ ይስቃል። ቤቱ ገብቶ ጋደም ሲል ግን ሳቁ አብሮት አይገባም።

"አላውቅም" አለ። "እንደዚያ የሚባል ሰው እዚህ ኖሮ አያውቅም።"

ሴትዮዋ ፊቱን ትክ ብላ አየችው። "የእርስዎስ ስም ማን ይባላል?"

ለዚህ አልተዘጋጀም። ስሙን ቢናገር ነገ ክስ ላይ ይጻፋል። ዓይኑ ሲቅበዘበዝ ከጅረቱ ማዶ ባለው የጎረቤቱ ቆርቆሮ ቤት ላይ አረፈ።

"የሺዋስ" አለ።

"የሺዋስ" አለች ሴትዮዋም፣ ስሙን እንደ ትኩስ ድንች በአፏ እያገላበጠች። "እኔ ሸጊቱ እባላለሁ። ደስ ብሎኛል፣ አቶ የሺዋስ።"

ደርቤ ሸጊቱ የምትባል አንዲት ልጅ ብቻ ነው የሚያውቀው። የብርሃን ሁለተኛ ልጅ ናት፤ ጥርሷ ገጣጣ፣ ከሰፈሩ ልጅ በሩጫ የሚቀድማት ያልነበረ። ጥርሷ ተስተካክሏል እንጂ ዓይኗ ያው ነው። ደርቤ እንዳላየ ሆነ።

"ወፉ ከዚህ ለቋል" አለ ለቴዎፍሎስ። "እዚያ ታች ምንጩ ዘንድ፣ ከጥዱ ውስጥ ነው አሁን የሚውለው። እዚያ ብትፈልጉት ይሻላል።" ምንጩም ጥዱም የየሺዋስ ነበሩ።

ሽማግሌው ባለሦስት እግሩን ነቅሎ ተሸከመ። ሸጊቱ መንገድ ከጀመረች በኋላ ዞር ብላ "እግዜር ይስጥልን፣ አቶ የሺዋስ" አለች። ስሙን ሳያስፈልግ ረገጥ አደረገችው።

ደርቤ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ የትናየት ምስር ትለቅማለች።

"የብርሃን ልጅ መጣች" አላት።

"የቷ?"

"ሸጊቱ።"

የትናየት ሰፌዱን አስቀመጠች። "የታለች?"

"ወደ የሺዋስ ምንጭ ሰደድኳት። ለወፍ ነው የመጣሁት ባይ ናት።"

"ቤት ሳታስገባት? የእናቷ ጋን እኮ ዛሬም ጠላ ይጠመቅበታል። ውሃ እንኳ ቅመሽ አላልካትም?"

"አንቺ ሴት፣ መሬቱን ልትወስድ ነው የመጣችው።"

"ነገረችህ?"

"ይህ ይነገራል እንዴ? አባቷን ጠየቀችኝ። መሬቱን በቧንቧ አሳየች።"

"ምን ብለህ መለስክላት?"

"አላውቀውም አልኳት። ስሜንም የሺዋስ ነው አልኳት።"

የትናየት አብራው ስትኖር ብዙ ነገር አይታበታለች፤ ይህኛውን ግን ከየትኛው ጋር እንደምትደምረው ቸገራት። "እሺ፣ የሺዋስ ራሱ ሲያገኛት ማን ሊባል ነው?" አለች በመጨረሻ።

ደርቤ ይህን አላሰበበትም ነበር፤ አሁንም ሊያስብበት አልፈለገም። "ነገሩ ያለው ወይራዋ ላይ ነው" አለ። "ምልክታቸው እሷ ናት። እሷ ከሌለች 'መሬታችን ከወይራዋ አጠገብ ነበር' የሚል ሰው ምን ያሳያል? ለወፉም ማረፊያ የለው፤ ለእነሱም ሰበብ የላቸው።" መጥረቢያውን ከጓዳ አወጣ።

"ስትጨርስ እንግዶቹን ለምሳ ይዘሃቸው ና" አለች የትናየት፣ ምንም እንዳልሰማች። "ዓርብ መሆኑ በጀን። እነሱም የእኛን ሥጋ አይበሉም፤ እኛም ዛሬ ሥጋ የለንም። ሽሮው ሁላችንንም ያስማማል።"

የደረቀ ወይራ ለመቁረጥ የሞከረ ሰው የደርቤን መከራ ያውቀዋል። መጥረቢያው ሲያርፍበት እንጨት አይመስልም፤ ደወል ይመስላል። ደርቤ ጥቂት ይመታና እጁን ያራግፋል፤ እንደገና ይመታና ወገቡን ይይዛል። ብዙ ከለፋ በኋላ በአንድ በኩል የበሰበሰ ቦታ አገኘና አንድ ጉማጅ ተገነጠለለት። ከውስጡ ድብልብል ነጫጭ ትሎች ረገፉ። የቀረው ግንድ ግን እንዳልነኩት ቆሟል። ደርቤ መጥረቢያውን ተመርኩዞ እያለከለከ ሳለ ከበስተጀርባው ገብሱ ተንኮሻኮሸ።

ዝንጀሮ ነው ብሎ ወንጭፉን ከትከሻው አወረደና ድንጋይ አጉርሶ ዞረ።

ዝንጀሮ አልነበረም። ከገብሱ ዳር ፈረንጆቹ በሙሉ በተርታ አጎንብሰው፣ መነጽራቸውን ሁሉ ደርቤ ላይ ደግነውበታል። ሽማግሌው ጭራሽ በሆዱ ተኝቷል። ምንጩ ዘንድ ሆነው ቋ፣ ቋ፣ ቋ ሲል ሰምተው፣ ግንደ ቆርቁሩ ነው ብለው ሳይተነፍሱ እየዳሁ ነበር የመጡት። ሽማግሌው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ በቋንቋው አንድ ነገር ተናገረ።

"ምን ይላል?" አለ ደርቤ ወንጭፉን ከኋላው እየደበቀ።

ቴዎፍሎስ ሳቁን ዋጠ። "'የወፍ መጽሐፉ ላይ ካለው ይተልቃል' ነው የሚለው።"

ይህ ሳያንስ ከኋላቸው እውነተኛው የሺዋስ ብቅ አለ። ምንጩ ዘንድ አግኝቷቸው፣ ውሃ አጠጥቷቸው፣ ተዋውቋቸው ነው የመጣው። "አንተ ደርቤ" አለ ከሩቁ፣ "ሞቶ የቆየ ዛፍ ደግሞ ለምን ትገድላለህ?"

"ደርቤ ነው ያሏቸው?" አለች ሸጊቱ በጣም የተገረመች መስላ። "እኔ እኮ አቶ የሺዋስ መስለውኝ።"

"የሺዋስ እኔ ነኝ፤ አሁን ተዋወቅን አይደል?"

"እሳቸውም የሺዋስ ነኝ ብለውኛል። አንድ ሰፈር ሁለት የሺዋስ ይኖር ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።"

የሺዋስ ነገሩ እስኪገባው ጥቂት ቆየ። ከዚያ ከእሱ ጋር ለመጡትና መጥረቢያ ሰምተው ለተሰበሰቡት ጎረቤቶች ዞሮ እጁን ዘረጋ። "ስሙልኝ። አባቱ ድንበሬን ሲገፋ ዝም አልኩ። እሱ መሬቴን ሲያርስ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ስሜን ወሰደ።"

የድንበሩ ነገር ያረጀ ነገር ነው። የሺዋስ እንደሚለው ድንበሩን የሚለየው ድንጋይ በአቶ ብርሃን ዘመን ከወይራዋ ወዲህ፣ ዛሬ የደርቤ በሆነው በኩል ነበር፤ የደርቤ አባት መሬቱን ሲረከብ ወዲያ አሻገረው። ደርቤ እንደሚለው ደግሞ ድንጋዩ ከተፈጠረ ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ ተቀምጠውበት፣ ስንት ጊዜ ጠላ ጠጥተው፣ ሳይቋጭ ተነሥተዋል። ምስክር የሚሆኑት አንድም ሞተዋል፤ አንድም ወደ ባሕር ማዶ ሄደዋል።

"እንግዲህ እግዚአብሔር ምስክሬን በእግሯ አመጣልኝ" አለ የሺዋስ። "እሜቴ ሸጊቱ፣ እርስዎ ተወልደው ያደጉበት ነው። ይምጡና ድንጋዩ የት እንደነበር ይንገሩን።"

"እኔ የመጣሁት ለወፉ ነው" አለች ሸጊቱ።

"ወፍ የትም አይሄድም።"

ሰዉ ከቧት ወደ ድንበሩ ይዟት ሄደ። ፈረንጆቹም የአካባቢው ባህል ሳይሆን አይቀርም ብለው ተከተሉ። ደርቤ ከሁሉ ኋላ፣ መጥረቢያውን እየጎተተ፣ ወደ ፍርዱ ተጓዘ።

ሸጊቱ ድንጋዩን ዞራ አየችው። "እውነቱን ልንገራችሁ?" አለች።

"እውነቱን እንጂ" አለ የሺዋስ።

"ድንጋዩ ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ውሻ ነው። የእናንተ ቤት ቡላ ውሻ እዚህ አካባቢ ባቴን ነክሶኛል።"

የሺዋስ ዓይኑ በራ። "የቱ ጋ ቆመው?"

"እንዴት?"

"ሲነክስዎ የቱ ጋ ነበር የቆሙት? የእኛ ውሻ ጨዋ ውሻ ነበር፤ ከድንበራችን አልፎ ሰው ነክሶ አያውቅም። እርስዎ የተነከሱበት ቦታ የእኛ መሬት ነው ማለት ነው።"

"ጨዋ?" ደርቤ ከኋላ ገነፈለ። "ያ ውሻ ዳባት ገበያ ድረስ ወርዶ ይነክስ ነበር። እንደሱ ከሆነማ ገበያውንም ጠይቀህ ውሰደዋ።"

ሰዉ ለሁለት ተከፈለ። እኩሌታው ውሻውን ያመሰግናል፤ እኩሌታው የተነከሰበትን ቦታ ልብሱን እየገለጠ ያሳያል። ቴዎፍሎስ መተርጎሙ ቢያቅተው ለፈረንጆቹ "ስለ ውሻ ነው" ብቻ ብሎ ተወው። ደርቤ በንዴት ፊቱን ሲያዞር ዓይኑ ወይራዋ ላይ አረፈ።

ግንደ ቆርቁሩ መጥቷል። ሰው ሁሉ ትቶለት ስለሄደ፣ መጥረቢያው ከፈተው የበሰበሰ ቦታ ላይ ተለጥፎ ትሉን እየለቀመ ይበላል። ደርቤ ሊያጠፋው የወጣውን ወፍ ራሱ ማዕድ አቅርቦ ጠርቶታል።

የመጀመሪያው ሐሳቡ ዝም ማለት ነበር። ሁለተኛው ሐሳብ ግን ተከትሎ መጣ። ሴትዮዋ ወፉን ሳታይ ከሄደች ደባርቅ ታድራለች። ነገ ትመለሳለች። ነገ ካላየችው ከነገ ወዲያም ትመለሳለች። ድንጋዩንም ቀስ በቀስ ማስታወስ ትጀምር ይሆናል። ደርቤ በሰዉ መሀል ተሹለክልኮ አጠገቧ ደረሰና በሹክሹክታ "ያውልሽ ወፍሽ" አላት።

ሸጊቱ ዞረች። መነጽሯን አነሣች። ከዚያ በኋላ አልተነቃነቀችም። ፈረንጆቹ አንድ በአንድ ዞሩ፤ ሽማግሌው ባለሦስት እግሩን እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ ተከለ። ዝምታው ወደ ጎረቤቶቹም ተዛመተና የሺዋስ እንኳ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ወይራዋ ላይ ቋ፣ ቋ ይላል።

"ና እይ፣ ደርቤ" አለች ሸጊቱ ቀስ ብላ። "አንቱ" እና "እርስዎ" ቀርተዋል።

ደርቤ ጎንበስ ብሎ በቧንቧው አየ። ወፉ አፍንጫው ሥር ያለ መሰለው። አናቱ እንደ በርበሬ ቀይ ነው። ጀርባው እንደ ደረሰ ገብስ ወርቅማ ሆኖ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ሲያንኳኳ የኖረውን ያህል ዘመን ደርቤ ግራጫ ወፍ ነው ብሎ ነበር የሚያስበው።

"እንዲህ ማማሩን አላውቅም ነበር" አለ። ከቧንቧው እንዲነሣ ትከሻውን መንካት ነበረባቸው፤ ከኋላው ሰልፍ ተይዟል።

ወፉ ጠግቦ ከበረረ በኋላ ደርቤና ሸጊቱ በድንበሩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

"መቼ ነው ያወቅሽኝ?" አላት።

"ገና ስትመጣ። አካሄድህ የአባትህ ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እስከ የት እንደምትሄድ ልይ ብዬ ነው። መጥረቢያ ድረስ ትሄዳለህ ብዬ ግን አልጠረጠርኩም።"

ደርቤ መጥረቢያውን በእግሩ ወደ ሣሩ ገፋ አደረገው። "መሬቱን ልትወስጂ የመጣሽ መስሎኝ ነው።"

"ደርቤ፣ እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምኖረው። በረንዳዬ ላይ ቃሪያ ብተክል ሳምንት አይቆይልኝም። ነርስ ነኝ፤ የምውለው ሲታመምና ሲያቃስት ከሚውል ሰው ጋር ነው። ወፍ ማየት የጀመርኩትም ዝም ለማለት ነው። የአንተን ገብስ ወስጄ ምን አደርገዋለሁ?"

"ታዲያ አባትሽን ለምን ጠየቅሽኝ?"

ሸጊቱ መነጽሯን በልብሷ ጫፍ ወለወለች። "አባቴ አምና ዐረፈ። እዚያ እስራኤል መጋዘን ሲጠብቅ ነው የኖረው። ሲቀበር የመጡት ሰዎች የሚያውቁት ዘበኛነቱን ነው፤ ብረት ሲቀጠቅጥ ያየው አልነበረም። እዚህ ስመጣ አንድ ሰው 'አዎ፣ አውቀዋለሁ' ሲለኝ መስማት ፈልጌ ነበር። አንተ ግን እንደዚያ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም አልከኝ።"

ደርቤ አንገቱን ደፋ። ከመሬቱ፣ ከስሙና ከመጥረቢያው ሁሉ ይህኛው ይበልጥ ከበደው።

"አውቀዋለሁ" አለ። "አባቴ ማረሻ አስይዞ ሲልከኝ ወናፍ ያስነፋኝ ነበር። ሰነፍ ስል በእሳት የቀላ ጉጠቱን ይዞ አፍንጫህን ልያዝህ እያለ ያሯሩጠኝ ነበር። ከእናንተ ቤት እስከ ጅረቱ።"

ሸጊቱ ሳቀች፤ እየሳቀችም ዓይኗን ጠረገች። "እኔንም" አለች። "የእኔንም አፍንጫ።"

"እኔንማ ይዞኛል" አለ የሺዋስ፣ ሳይጠሩት ከጎናቸው ቁጢጥ ብሎ። አፍንጫውን ወደ ፀሐይ አዞረላቸው። "ይኸው ጠባሳው። ግን የሠራልን ማጭድ እስከ ዛሬ ያጭዳል።"

ከዚያ ማን ዝም ይበል? አንዱ የአቶ ብርሃንን ቁጣ፣ ሌላው የሚስቱን ምጣድና ጋን፣ ሌላው አንዴ የበሬውን ቀንበር በነጻ እንደጠገነለት እያነሣ፣ ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ሸጊቱ በመሀላቸው ሆና አዳመጠች። የትናየት መጥታ ሽሮው ቀዘቀዘ ብላ እስክትቆጣቸው ድረስ የተነሣ የለም።

ምሳው ላይ ሽማግሌው ፈረንጅ በላብ ተጠምቆ ሦስት ጊዜ አስጨመረ። የትናየት ጋኑን ስታሳያት ሸጊቱ በመዳፏ ዳሰሰችው፤ ውሰጂው ቢሏት "በአውሮፕላን? ይልቅ ጠመቃችሁን ቀጥሉበት" አለች። ሲሰነባበቱ ደርቤ ጓዛቸውን እስከ መኪናው ተሸከመላቸው። ሸጊቱ ወይራዋን እንዳይቆርጣት ስትለምነው የደረቀች ቅርንጫፍ ሲያስተካክል እንደነበር ነገራት፤ እሷም እንዳመነች ሆነች።

ሚኒባሱ ሊንቀሳቀስ ሲል ቴዎፍሎስ በመስኮት አንገቱን አወጣ። "በሚቀጥለው ወር ሌሎች እንግዶች ይመጣሉ፤ ወፏን በክፍያ እንዲያሳዩን ባለቦታውን አነጋግራለሁ" አለ።

መኪናው ከመታጠፊያው ሳይሰወር የሺዋስ ጀመረ። "ባለቦታው ማለት እኔ ነኝ። ወፉ የሚያድረው በእኔ ጥድ ውስጥ ነው። ማደሪያው ነው ዋናው።"

"የሚበላውስ?" አለ ደርቤ። "የሚበላው የእኔን ወይራ ነው።"

"እንየዋ የት እንደሚያድር።"

"እንየው።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁለቱ ገብሱ ዳር ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወፉ ድምፅ ከሰማ እንደሚሸሽ ከፈረንጆቹ ተምረዋል፤ ስለዚህ ለመጣላት እንኳ በሹክሹክታ መሆን ነበረበት፤ በሹክሹክታ ደግሞ ጠብ አይደምቅም። ትንሽ ሞከሩና ተዉት። የሺዋስ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ ሳያየው እጁን ዘረጋለት። ደርቤ ተቀብሎ አንድ በአንድ፣ ሳያንኮሻኩሽ ቆረጠመ።

ወፉ ከጥዱ በኩል መጣ። ወይራዋ ላይ አንድ ሁለቴ አንኳኳ። ከዚያም ክንፉን ዘርግቶ ከየሺዋስ ጥድም ከደርቤ ማሳም በላይ አልፎ፣ ቁልቁል ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ገብቶ ተሰወረ።

ሁለቱም ደኑን ሲያዩ ቆዩ።

"ከቄሱ ጋር መነጋገር ሊኖርብን ነው" አለ የሺዋስ።

"እንግዲህ ነገ" አለ ደርቤ፣ የቀረውን ቆሎ እየመለሰለት።